ጆንያውን ማስኬድ

ጓንጉል የገዳሪፍን ሰው የሚያውቀው በጫማው ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ከሎሪ ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ ሎሪ ሰሊጥና ማሽላ በማጅራቱ ተሸክሞ ሲመላለስ ዓይኑ ከመሬት ተነስቶ አያውቅም። ሰማያዊ የላስቲክ ነጠላ ጫማ ካየ የበሩ ዘበኛ ነው። ጫፉ የተላጠ ቡናማ ቆዳ ካየ የመጋዘኑ ወኪል ነው። የግራው ማሰሪያ በሽቦ የተቋጠረ ሰንደል ካየ ደግሞ የሥራ ባልደረባው አስፋው ነው፤ አስፋው አፉ አያርፍም። «ጀርባው መጣ» ይላል ገና ከሩቅ ሲያየው። መጋዘን ውስጥ ጓንጉልን በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ ጀርባው ነበር ስሙ። ለመደው እንጂ ወደደው ማለት ግን አይደለም።

በስሙ የሚጠራው ከሥራ በኋላ ነው። ከሰሊጥ ገበያው በስተጀርባ፣ ጣሪያውን ዝገት በበላው አሮጌ መጋዘን ውስጥ፣ እስማኤል የሚባል ሱዳናዊ ጁጂትሱ የሚባል ትግል ያስተምር ነበር። ካርቱም ሳለ ደህና አዳራሽ የነበረው ሰው ነው፤ ጦርነቱ ሲያባርረው ይዞ የወጣው አንድ ቦርሳና አንድ ቡናማ ቀበቶ ብቻ ነው። ገዳሪፍ ገብቶ የሚታገሉበት ምንጣፍ ሲያጣ አሥራ አንዱ ተማሪዎቹ ተረባርበው ሠሩለት። ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ለቃቀሙ፣ በላዩ የሎሪ ሸራ ወጠሩ፣ ዙሪያውን በጆንያ መስፊያ መርፌ ሰፉት። የመጨረሻውን ጥግ የሰፋው ጓንጉል ነው። ስፌቱ ጠማማ ይሁን እንጂ እስካሁን አልተተረተረም፤ ጓንጉልም በገባ ቁጥር በእግሩ ጣት ሳይነካው አያልፍም።

ከጭልጋ ተነስቶ በመተማ፣ ከዚያም በገላባት ወደ ሱዳን የተሻገረው ለአንድ የሰሊጥ አጨዳ ነበር። አጨዳው ሲያልቅ ካርቱም፣ ከካርቱም ሊቢያ፣ ከሊቢያ ወዲያ ደግሞ እግዜር ያውቃል ብሎ ነበር የወጣው። ካርቱም ስትነድ መንገዱ ተዘጋ። መንገደኛ ነኝ፣ መንገደኛ ነኝ ሲል ሦስት ዓመት ሞላው። አልጋ አልገዛም፤ መንገደኛ አልጋ ምን ያደርግለታል? በዚህ ከተማ የኔ የሚለው ነገር ያቺ ጠማማ ስፌት ብቻ ነበረች።

ስለዚህ እስማኤል አንድ ማታ ልምምዱ ሲያበቃ ሁሉንም አስቀምጦ፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ ቤተሰቡ ወዳለበት ወደ ፖርት ሱዳን እንደሚሄድ ሲነግራቸው የጓንጉል ዓይን መጀመሪያ የሄደው ወደዚያች ስፌት ነው። እስማኤል ነገሩን አላድበሰበሰም። ምንጣፉን ትቶላቸው ቢሄድ ደስ ይለዋል፤ ነገር ግን አስተማሪ በሌለበት ምንጣፍ ላይ ልጆች ተያይዘው አንገት ሲሰባበሩ በሌላ ቦታ አይቷል፣ ያንን ዳግመኛ ማየት አይፈልግም። አስተማሪ የሚሆን ሰው ካገኘ ምንጣፉ ይቀራል። ካላገኘ ሎሪ ላይ ጭኖት ይሄዳል።

ሁሉም ወደ ጓንጉል ዞሩ። በየቀኑ የሚገኘው እሱ ነው፤ አዲስ ለመጣ ሰው አወዳደቅ የሚያሳየው፣ ሸራውን የሚያጥበው እሱ ነው። አንድ ነገር ብቻ ጎደለው። ሰማያዊ ቀበቶ ያልታጠቀ አያስተምርም፤ እስማኤል ደግሞ የዘከሪያን ጋርድ ማለፍ ላልቻለ ሰው ቀበቶውን አይሰጥም።

ጋርድ የሚሉት ይኸውና እንዲህ ነው። አንዱ በጀርባው ተኝቶ እግሮቹን እንደ አጥር ያቆማል። ሌላው ከላይ ሆኖ ያንን አጥር ማለፍ፣ ጎን ለጎን ወጥቶ ደረቱን ደረቱ ላይ መጫን አለበት። ማለፍ ካቃተው ከላይ መሆኑ ምንም አይጠቅመው፤ የታችኛው በእግሩ አንገቱን ቆልፎ ያንቀዋል። ዘከሪያ ደግሞ እግሩ ሰንበሌጥ ነው፣ ረጅምና የማይያዝ። ከጎንደር ሰዎች ገዳሪፍ ላይ የተወለደ፣ ገላባት የሚመላለስ ሎሪ ላይ ረዳት የሆነ፣ የጓንጉል የልብ ጓደኛ። ማስተማሩ እሱ ላይ ያልወደቀው የሳምንቱን እኩሌታ መንገድ ላይ ስለሚውል ነው። ጓንጉል በሁለት ዓመት ውስጥ የዘከሪያን እግር አንድም ቀን አላለፈም።

ጓንጉል ነገሩን አስቦ ጉልበት አነሰኝ ብሎ ደመደመ። ተሸካሚ ሌላ ምን ያስባል? በማግስቱ ወኪሉን ለምኖ ወደ ማሽላው ጎራ ተዛወረ፤ የማሽላ ጆንያ ዘጠና ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አስፋውና ሌላው ግራና ቀኝ የጆንያውን ጆሮ ይዘው ሆ ብለው ያነሳሉ፤ ጓንጉል አንገቱን ሰብሮ ከሥሩ ይገባል፤ ማጅራቱ ላይ ሲያርፍለት ጎንበስ እንዳለ ይሮጣል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሁሉም በላይ ተሸከመ። ጀርባው ግድግዳ ሆነ። አስፋው ሳይቀር መቀለዱን ተወት አድርጎ፣ ይሄ ልጅ ታሞ ነው ወይስ ስለት አለበት ብሎ ጠየቀ።

ከዚያ ዘከሪያ ከገላባት ተመለሰና ተያያዙ። በአንድ ማታ ሦስት ጊዜ ታነቀ። በሦስተኛው ዓይኑ ጨለመ፣ በእጁ ሸራውን መታ፤ በቃኝ ማለት ነው። ማጅራቱ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ ሲል ሰማው። እስማኤል ሁልጊዜ የሚለውን ደግሞ ነገረው። ጉልበትህ አላነሰም፣ ከተማሪዎቼ ሁሉ የበረታህ አንተ ነህ፤ ነገር ግን ከባድ ነገር ሲመጣብህ ጭንቅላትህን ታጎነብሳለህ፣ አንገትህን እንደ ስጦታ ትሰጠዋለህ፣ ዛሬ አንተ የሰጠኸውን አንገት ነገ ተማሪዎችህም ይሰጣሉ አለው። ጓንጉል ይህን ያውቃል። ቀና በል እያለ ራሱን ይመክራል። እግሮቹ ሲመጡበት ግን ራሱ በራሱ ጊዜ ይወርዳል፤ ሦስት ዓመት ሙሉ በቀን ስልሳ ጊዜ የወረደ ራስ ነው።

በማግስቱ አንገቱ አልዞር አለ። ወኪሉ አየውና ማጅራቱ እስኪሻለው ድረስ ሴቶቹ ጋ ሂድ አለው። አስፋው የሚቀልድበት ስላገኘ በደስታ አበደ። ሴቶቹ መጋዘኑ ጓሮ ዳስ ሥር ተቀምጠው ሰሊጥ የሚያበጥሩ ናቸው፤ የበላያቸው እትዬ በለጠች ይባላሉ። ከመተማ ማዶ ከመጡ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ቀጭን ናቸው፣ አንድ ዓይናቸው ትንሽ ፈዟል፣ ትእዛዛቸውን ግን ወኪሉም ይፈራዋል። ጓንጉልን የተበጠረው ሰሊጥ የሞላባቸውን ጆንያዎች ወደ ግድግዳው አስጠግተህ ደርድር አሉት።

ብቻውን ስለሆነ የሚያነሳለት የለም። ጎንበስ ብሎ በጀርባው ሊወስደው ሞከረ፤ አንገቱ አስጮኸው። የጆንያውን ጆሮ ይዞ ጎተተው፤ አፉ ተፈታና ሰሊጡ መሬት ላይ ፈሰሰ። ሴቶቹ ሳቁ። እትዬ በለጠች አልሳቁም። ተነሱ፣ ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ፣ የሚቀጥለው ጆንያ ጋ ሄዱና ቆመው አቀፉት። ደረታቸውን አስጠጉ፣ ራሳቸውን ከጆንያው በላይ ቀና አደረጉ፣ ወገባቸውን አስገቡና ጆንያውን በአንድ ጥጉ ላይ አቆሙት። ከዚያ አዞሩት። ባዞሩበት ቅጽበት ጉልበታቸው ከኋላው ገብቶ መመለሻውን ዘጋበት። በሌላው ጥግ አቆሙት፣ አዞሩት፣ ጉልበታቸውን አስገቡ። እኒያ ቀጭን ሴትዮ ከራሳቸው ክብደት ሊስተካከል ምንም የማይቀረውን ጆንያ ትንፋሻቸው ሳይዛባ ግድግዳው ሥር አደረሱት።

«አትጣላው» አሉት። «እናንተ ወንዶቹ ተሸክማችሁት ለመሮጥ ትቸኩላላችሁ። እኔ አስኬደዋለሁ። ደረትህን ስጠው፣ ራስህን ግን አትስጠው፤ ራስህ ከወረደ ወገብህ ይከተላል። ያገኘሃትን ስንዝር ደግሞ በጉልበትህ ዝጋት። መልሶ እንዳይወስዳት።»

ጓንጉል ቆሞ ቀረ። ይህን ነገር ያውቀዋል። እስማኤል ሁለት ዓመት ሙሉ በዐረብኛ ሲነግረው የኖረው ይኸው ነው፤ በዓይኑ ያየው ግን አሁን ገና ነው። ዘከሪያን ሊሸከመው ነበር የሚፈልገው! ሥሩ ገብቶ አንስቶት ሊሮጥ። ያፈረው ማፈር ቀላል አይደለም፤ ደስታው ግን ከኀፍረቱ ይበልጥ ነበር። እትዬ በለጠችን እንደገና ያሳዩኝ አላቸው። ሥራ የመፍታት ዘዴ መስሏቸው በወንፊቱ ሊመቱት ቃጡ፤ ከዚያ ግን አሳዩት።

በዚያው ማታ ለእስማኤል ነገረው። እስማኤልም ገባውና ለቀሩት አራት ሳምንታት ሥራ አወጣለት። በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ፣ በመካከሉ ዕረፍት። ግማሹን አሸዋ የተሞላ ጆንያ አቅፎ ቁጭ ብድግ፣ አምስት ጊዜ በአምስት ዙር፤ ራሱ አንዴ ከወረደ ዙሩ አይቆጠርም። ጆንያውን አቅፎ ከግድግዳ ግድግዳ መራመድ። ጆንያውን አስተኝቶ በላዩ ጉልበቱን ማንሸራተት፣ ግማሽ ላይ ቆሞ እጁ እስኪንቀጠቀጥ መቆየት። የጆንያውን ጆሮ በአራት ጣት ብቻ ይዞ ወደ ኋላ መጎተት። ማጅራት ላይ መሸከም እስኪሻለው ድረስ ክልክል ነው። ቀን ሴቶቹ ጋ ጆንያ ያስኬዳል፣ ከሥራ በኋላ አሸዋውን ያቅፋል። የመጀመሪያው ሳምንት ጭኑ ነደደ፤ የማያውቀው ሥጋ ነበር የሚያመው። በሦስተኛው ሳምንት አሸዋ ተጨመረ። እትዬ በለጠችም ገባቸው መሰለኝ፣ ከተቀመጡበት ሳይነሱ «ራስ!» ይሉታል ራሱ ወርዶ ባዩት ቁጥር። አንገቱ ዳነ። ጓንጉል ግን አንገቴ ድኗል ብሎ ለወኪሉ ትንፍሽ አላለም።

የቀበቶው ፈተና ዐርብ ጠዋት ሊሆን፣ ረቡዕ ዘከሪያ ከገላባት ገባ። ተያያዙ። ጓንጉል ራሱን ቀና አድርጎ ገባ፣ አንዱን እግር ተጫነ፣ ጉልበቱን አስገባና አለፈ። ልጆቹ አጨበጨቡ። ጓንጉል ግን ከዘከሪያ ደረት ላይ ቀስ ብሎ ተነሳ። ሦስት ዓመት ጆንያ ያነሳ ሰው፣ ጆንያው ሰሊጥ ይሁን ገለባ ገና ሲነካው ያውቃል። ይሄ እግር ገለባ ነበር።

ውጭ አስወጣውና ጠየቀው። ዘከሪያ መጀመሪያ ካደ፣ ማለ፤ ጓንጉል ይሄ እግር ያንተ አይደለም ሲለው ግን መማሉን ተወ።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ምን ይጎዳሃል?» አለ። «ዐርብ ቢያቅትህ ምንጣፉ ሎሪ ላይ ነው፣ ከላስ፣ አለቀ። እኔ ከመንገድ ስመጣ የት ልሂድ? እነዚያ ዘጠኙስ? እግሬን ትንሽ ላላ ባደርግ ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ» አለው ጓንጉል።

ዘከሪያ፣ አንተ ስላወቅህ ሁሉም ምንጣፉን ይጣ ወይ አለው። ይህ ነገር ጓንጉልን ወጋው፣ ምክንያቱም እውነት ነበር። ሌሊቱን ሁሉ ሲገላበጥ አደረ ብል ውሸት ይሆናል፤ ተሸካሚ ሲተኛ ይተኛል። ጠዋት ሲነሳ ግን የመጀመሪያ ሐሳቡ ይኸው ነበር። እሺ ብሎ ቢያልፍ ምንጣፉ ይቀራል። ከዚያ አንድ ልጅ አንገቱን ሰጥቶ ሲታነቅ ምን ብሎ ያስተምረዋል? እኔም አላለፍኩም፣ አሳለፉኝ ሊለው ነው? ዘከሪያን ፈልጎ ሎሪው ጋ አገኘው።

«ዐርብ እግርህን ብታላላልኝ» አለው፣ «ለካፕቴን እስማኤል እዚያው ፊት ለፊት እናገራለሁ። ወንድሜ ከሆንክ ከልብህ ያዘኝ።»

ዘከሪያ የሎሪውን ሸራ ማሰሩን ቀጠለ።

ዐርብ ጠዋት፣ ከጁምዓ ሶላት በፊት፣ አሥራ አንዱም ተገኙ። እስማኤል ሦስት ዕድል ሰጠ፣ እያንዳንዱ አምስት ደቂቃ። ቦርሳው በሩ ሥር ታስሮ ተቀምጧል። አንድ ጥቅል ገመድም አብሮት ነበር፤ ምንጣፉን ለማሰሪያ።

በመጀመሪያው ዘከሪያ እውነተኛ እግሩን አመጣ። ጓንጉል አንዱን እግር ያዝኩ ብሎ ቸኮለ፤ ክፍተት አየና በቆየው ልማዱ አንገቱን ሰብሮ ገባ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሸራውን መታ። እስማኤል ፊቱን አዞረ። ልጆቹ ገመዱን አዩ፣ ጓንጉልም አየው።

በሁለተኛው አልታነቀም። ቀና ብሎ ቆመ፣ የዘከሪያ እግሮች ገፉት፣ ገባ፣ ገፉት፣ ገባ። አምስት ደቂቃው አለቀ። አላለፈም። ፈርቷል፣ በጣም ፈርቷል። ነገር ግን ወገቡ አልደከመም። ከዚህ በፊት በዚህ ሰዓት የሚያለከልከው እሱ ነበር፤ አሁን የዘከሪያ ትንፋሽ ነው የሚሰማው።

በሦስተኛው አልቸኮለም። የዘከሪያን ሱሪ ሁለቱ ጉልበቶቹ ላይ ጨብጦ ያዘ፣ የጆንያ ጆሮ እንደሚይዝ። ደረቱን አስጠጋ። ራሱን ከዘከሪያ ጉልበት በላይ አቆመ። አንደኛውን እግር ወደ ሸራው ገፍቶ በጉልበቱ ዘጋበት፤ አንድ ስንዝር። ዘከሪያ ወገቡን አስወጥቶ ሸሸ። ጓንጉል አላሳደደውም፣ ያገኛትን ስንዝር ይዞ ጠበቀ። በሌላው ጥግ አዞረው። ጉልበቱ ጭኑ ላይ ተንሸራተተ፣ ግማሽ ላይ ቆመ፤ በአሸዋው ላይ እጁ እስኪንቀጠቀጥ የቆየባት ቦታ ናት። ያ ረጅም እግር አንገቱን ፍለጋ መጣ። አንገቱ እዚያ አልነበረም። አንዴ ደግሞ መጣ። ጓንጉል ደረቱን ጣለ፣ ጉልበቱን አሳለፈ፣ ዘከሪያ ከሥሩ እንደ ዓሣ ተገላበጠ፣ ጓንጉል ግን ጎኑ ላይ ነበር፣ አልፏል።

እስማኤል ተንበርክኮ ሸራውን እየመታ በዐረብኛ እስከ ሦስት ቆጠረ። ዋሒድ። ኢትኔን። ተላታ።

ጓንጉል ሲነሳ ዘከሪያ ተናዶ ነበር። ከንፈሩን ነክሶ ጣሪያውን ያያል፤ ከልቡ ታግሎ የተሸነፈ ሰው ንዴት ነበር። ጓንጉልን ከቀበቶው በላይ ያስደሰተው ይህ ንዴት ነው። ትንሽ ቆይቶ ዘከሪያ እጁን ዘረጋለትና አንሳኝ አለው፤ ሲነሳ እየሳቀ ነበር፣ ዓይኑ ግን ቀልቷል።

እስማኤል ሰማያዊውን ቀበቶ ወገቡ ላይ ካሰረለት በኋላ፣ ይህን አረማመድ ከኔ አይደለም የተማርከው፣ ከማን ነው አለው። ጓንጉል ነገረው። በማግስቱ ጠዋት እስማኤል ሎሪ ከመሳፈሩ በፊት ዳሱ ሥር ሄዶ እትዬ በለጠች ሦስት ጆንያ ሲያስኬዱ ቆሞ አያቸው፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሳና ሄደ። እሳቸው ግራ ገባቸው። «ይሄ ሰውዬ አገሩ ጆንያ የለም?» አሉት ጓንጉልን። እስማኤል ገመዱን ለጓንጉል ትቶለት ነበር፤ እትዬ በለጠች ልብስ ማስጫ አደረጉት።

በዚያው ጠዋት ጓንጉል አንገቱ መዳኑን ለወኪሉ ተናግሮ ወደ ሥራው ተመለሰ። የሚራገፈው ሰሊጥ ነበር። አስፋውና ጓደኛው የጆንያውን ጆሮ ይዘው ሆ ብለው አነሱና አንገቱን እስኪሰብር ጠበቁት። ጓንጉል አልሰበረም።

«በደረቴ አምጡት» አላቸው።

አስፋው ሳቀ፣ ሰነፍ አለው፣ ከሴቶቹ ጋር ውሎ ሴት ሆነ አለው። ጓንጉል ቆሞ ጠበቀ። የጆንያው ክብደት እጃቸውን ሲጎትት ጊዜ ወደው ሳይሆን ሰጡት። አቀፈው፣ ራሱን ከበላዩ ቀና አድርጎ ሄደ። በዝግታ ሄደ፣ ግን አልቆመም። በሩ ላይ ባለ ሰማያዊ ነጠላ ጫማው ዘበኛ ተቀምጧል። ጓንጉል ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አየው፤ ነጭ ጺም ያለው፣ ጉንጩ ላይ ሦስት ሦስት ዕድሜ ጠገብ ብጣት ያለበት ሽማግሌ ነው። ሽማግሌው እጁን አነሳለት። ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያነሳለት ኖሮ ይሆናል።

እስከ ምሳ ድረስ እንዲያው በደረቱ ተሸከመ። አስፋው ቀልዱ አለቀበት። ከምሳ በኋላ ማጅራቱን እያሸ ቆየና ጠጋ አለ።

«ጓንጉል» አለው፤ በስሙ። «ያ የእናንተ ነገር… ስንት ሰዓት ነው?»

«አሥራ አንድ ሰዓት» አለው ጓንጉል፣ ፊቱን እያየ። «ጫማህን በር ላይ ታወልቃለህ።»